ከግድግዳው ግርጌ፦ የነገሥታት ሥዕል በጣና ገዳማት፣ የጉዞ ማስታወሻ

የንጉሥ ሥዕል ለማየት ጣና ገዳማት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ወደ ላይ ያነሣል፤ ዘውድ፣ ዙፋንና ድባብ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ አሉ። ሥዕሉን ያሠራው ባለሥልጣን ግን የሚገኘው ከግድግዳው ግርጌ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ነው። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ሥልጣን የሚነገረው በትልቅነትና በከፍታ ሳይሆን ለማን እንደተሰገደ፣ ምን ተለብሶ እንደተሰገደና ስሙ የት እንደተጻፈ በማሳየት ነው። ማስታወሻው በዚህ መንገድ የተደረገውን ጉዞ ይከተላል። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ፣ ባሕር ዳር

ከጀልባው በፊት ወደ ሱቅ መግባት ይጠቅማል። በከተማው የዕደ ጥበብ መሸጫዎች በፍየል ቆዳ ላይ የተሣሉ ነገሥታት ተደርድረዋል፤ ንግሥተ ሳባ በሰሎሞን ፊት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአንበሶቻቸው ጋር፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ። ለቱሪስት የተሠሩ ናቸው ብሎ ማለፍ ጥቅም የለውም፤ የአሣሣሉ ሕግ በቀላሉ የሚለየው እዚህ ነው።

ዋናው ሕግ የዓይን ነው። ቅዱስ፣ ጻድቅ ወይም በጎ ንጉሥ ከሆነ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ፊቱ ቀጥ ብሎ ወይም ጥቂት ዘንበል ብሎ ወደ ተመልካቹ ይዞራል። ከሃዲና ገዳይ፣ ሰይጣንም ጭምር፣ በጎን ይሣላል፤ ያለው አንድ ዓይን ነው። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳይ ሥዕል ካገኛችሁ የሁለቱን ወገን ፊት አስተያዩ፤ ኢትዮጵያውያኑ ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው። ለነገው ጉዞ ይህ ይበቃል።

ሥዕል መግዛት የሚፈልግ ሰው ሻጩን አስፈቅዶ በጥቂቱ የረጠበ ነጭ ጥጥ ጥግ ላይ ያስነካ። ቀለሙ ወደ ጥጡ ከዞረ በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ነው፤ ክረምት የገባበት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። አሮጌ እንዲመስል በሻይ ወይም በቡና የተነከረ ቆዳ ፊትና ጀርባው እኩል ቡናማ ነው። በእውነት የቆየ ብራና ግን እጅ የበዛበት ጠርዙ ከመሐሉ ይበልጥ ይጠቁራል። እውነተኛ ጥንታዊ ነው የተባለ ነገር ሲቀርብላችሁ አትግዙ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀም ሊሆን ይችላል።

ለሐይቁ የሚያዘው ጥቂት ነው፦ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት፣ አቅርቦ ማሳያ መነጽር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ ዝርዝር ብር። መግቢያ የሚከፈለው ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ለየብቻ ነው። የጀልባው ዋጋ በሰው ቁጥር ሳይሆን ለጀልባው በሙሉ ይነገር፤ የመመለሻው ነዳጅና የመጠበቂያው ሰዓት ተካትቶ እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሕይወት አድን ሰደርያውንም በዓይናችሁ ቁጠሩ።

ማክሰኞ፣ ዘጌ

ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። አዝዋ ማርያምም በዚያው መንገድ ላይ ናት፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል፣ ሴቶችም ይገባሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ፣ በአራቱም ፊት ነው። ብዙው በመጋረጃ ይሸፈናል፤ አገልጋዩ በዘንግ ገለጥ ያደርግላችኋል። መጋረጃውን በእጅ መሳብ አይገባም፤ ጨርቁ በተሳበ ቁጥር ቀለሙን ይፍቃል።

ግድግዳው እንጨት ተማግሮ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነው። በላዩ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፣ ጨርቁ ነጭ መደብ ይቀባል፣ ረቂቁ በቀጭን መስመር ይነደፋል፣ ከዚያ ሰፋፊው ቀለም ይሞላል፣ ጥላው ይገባል፤ ጥቁሩ የዙሪያ መስመርና ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ በኋላ የተነካካውን ለመለየት ያገለግላል። የዙሪያው መስመር ከቀለሙ ሥር የገባ ከመሰለ በዚያ ቦታ ሌላ እጅ ደግሞ ቀብቶበታል ማለት ነው። የጨርቁን መጋጠሚያም ፈልጉ፤ በሁለቱ ወገን ያለው ቀለም የተለያየ ከሆነ አንደኛው ጨርቅ ተቀይሯል።

በቆዩት የአገራችን ሥዕሎች ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ደማቁ ቢጫ አርሴኒክ ካለበት ማዕድን፣ ደማቁ ቀይ ከሜርኩሪ ማዕድን፣ ጥቁሩ ከከሰል ወይም ከጥላሸት ይገኝ ነበር። በዘጌ ዓይን የሚሞላው ብርቱ ሰማያዊ ግን በአብዛኛው ከ19ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ከውጭ የገባ የፋብሪካ ቀለም ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ቀለም ውድ ስለነበር የእመቤታችን መጎናጸፊያና የነገሥታት ካባ ላይ መብዛቱ ራሱ ክብርን ይናገራል።

አሁን ወደ ነገሥታቱ። የዘጌ ግድግዳዎች በነገሥታት የተሞሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ክፉዎች ናቸው። ሄሮድስ ሕፃናቱን ሲያስፈጅ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፣ ዘውድ ደፍቷል፣ አሽከሮች ቆመውለታል። ልብሱ የአገራችን መኳንንት ልብስ ነው። ሠዓሊው የሥልጣንን ዕቃ ሁሉ ሰጥቶ ሁለተኛውን ዓይን ከልክሎታል። በዚህ አሣሣል ዘውድ የሚናገረው አንድ ሰው መግዛቱን ብቻ ነው፤ መግዛት ይገባው እንደሆነ የሚናገረው ፊቱ ነው። በሕማማቱ ሥዕል ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቤተ ክርስቲያናችን ጲላጦስን ከቅዱሳን ጋር ሰኔ 25 ታስበዋለች፤ ስለዚህ እንደ ሄሮድስ ትቆጥረዋለች ብላችሁ አትነሡ፤ ዓይኑን ሳታዩ አትፍረዱ።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሚያቆም ሥዕል መርቆሬዎስ ነው። ቅዱሱ በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን በጦር ይወጋል። ዑልያኖስ እንደ ንጉሥ ለብሷል፤ እየወደቀ ነው። የሥልጣንን መገፈፍ የሚያሳይ ሥዕል ነውና ከዘውዱ ጀምራችሁ ቁልቁል አንብቡት። ከዚያ ወደ ቅዱሱ እግር ውረዱ፤ እርካቡ ትንሽ ቀለበት ነው፣ የገባበትም አውራ ጣቱ ብቻ ነው። የአገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ የነበረው እንዲህ ነበር። ሠዓሊው ከሩቅ አገር የመጣን ሰማዕት በቤተ መንግሥት ሹም ፈረስ ላይ አስቀምጦታል፤ የፈረሱ ልባብና ሽልማት፣ የኮርቻው ልብስ፣ ሁሉም የሹመት ምልክት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ላይ ስለሚሆን ሁለቱን ማምታታት አይኖርም።

በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን ሥዕሎች ኃይል በጠመንጃም ይነገራል፤ ባሕረ ኤርትራ ውስጥ የሚሰጥመው የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ አንግቶ ይታያል። ስለዚህ ጠመንጃ ያለበት ሥዕል የግድግዳውን ዘመን ለመገመት ይረዳል።

ረቡዕ፣ ክብራንና እንጦስ

ረቡዕ ጾም ነው። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን መጎብኘት የሚቻለው ጠዋት ነው። ክብራን ገብርኤል ከከተማው ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሴቶች አይገቡበትም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሁሉም ክፍት ነው።

ክብራን የሚታወቀው በመጻሕፍቱ ነው፤ ለንጉሥ ሥዕል የሚጠቅመውም ይኸው ነው። በብራና መጽሐፍ ውስጥ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ያስጻፈው ሰው ስምም በዚያው ቀይ ይገባል፤ ንጉሡ ወይም ወይዘሮዋ በጸሎቱ መካከል ከቅዱሳን ጋር በአንድ ቀለም ይነበባሉ። ይህ ክብር ትንሽ አይደለም። ጸሎቱ በተደገመ ቁጥር ስሙ ይጠራል፣ ሰውየው ከሞተ በኋላም ይጠራል።

በዚህም ምክንያት ስሞች ይፋቃሉ። መጽሐፉ ባለቤት ሲቀይር የፊተኛው ስም በምላጭ ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። መጽሐፉን የሚያሳየው አባት ገጹን ሲገልጥ መብራታችሁን ከጎን አብሩ፤ የተፋቀው ብራና ሸካራ ስለሚሆን ጥላ ይጥላል፣ ቀለሙም ከዙሪያው ይልቅ ይፈሳል። በቦታው የተጻፈው ስም ለተፋቀው ቦታ አጥሮ ወይም ረዝሞ ከሆነ ፊደሉ ተዘርግቷል ወይም ተጨናንቋል። በግድግዳ ሥዕል ላይም ይኸው ስለሚያጋጥም ዓይናችሁን እዚህ ማለማመድ ይበጃል። ገጹን የሚገልጠው አባቱ ናቸው፤ ጎብኚ አይነካም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መነሣት ያስፈልጋል። ደቅ ሩቅ ነው፤ እንደ ሞተሩ አቅም እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም አነስተኛ ጀልባን ያስቸግራል። ናርጋ በደሴቱ ምዕራባዊ ዳር ነው።

ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ስለነበር እቴጌዋ በዚያው ዓመት ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ገዙ። ኢያሱ እስከ 1747 ዓ.ም. ነገሡ፤ እቴጌዋ እስከ 1765 ዓ.ም. ኖሩ። ይህን ሳይዙ ሥዕሉን ማየት ግማሹን መተው ነው።

ሕንፃው ከዘጌዎቹ ይለያል፤ ድንጋይ ነው፣ ቅስት በሮች አሉት። የድንጋይ ግንብ በገጠር ደሴት ላይ መቆሙ ብቻውን የጎንደርን ቤተ መንግሥት ያስታውሳል።

የእቴጌዋ ሥዕል የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ምንትዋብ ከእግሯ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከላይ ወደ ታች እናንብበው።

የእመቤታችን አቀማመጥ ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል የመጣ ነው፤ የዚያ ሥዕል ቅጂ ከካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ከኢየሱሳውያን ጋር ገብቶ በአገራችን ሠዓሊዎች እጅ ተባዝቷል። ምልክቱ እጆቿ ናቸው፦ በልጇ ላይ ተመሳቅለዋል፣ በአንደኛው እጇ የታጠፈ ጨርቅ ይዛለች። ያ ጨርቅ በጥንቱ ሮምና በቢዛንታይን የከፍተኛ ሹማምንትና የነገሥታት ምልክት ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሥዕል ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ የቤተ መንግሥት ሰው ይህን ሲያይ ከንጉሥ ጎን የሚቆመውን ሰይፍ ጃግሬ ያስባል። ድንግል በሙሉ የንግሥና ሥርዓት ተቀምጣለች ማለት ነው።

ቀጥሎ ልብስ። ናርጋ የጎንደር ሁለተኛው ስልት የሚባለው አሣሣል ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በነበረው በፊተኛው ስልት ቀለሙ ጠፍጣፋና ብሩህ ነው፣ የልብሱ እጥፋት በትይዩ መስመሮች ይነገራል። በሁለተኛው ስልት ፊቱ በጥላ ይሞላል፣ ጉንጩ ይቀላል፣ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግምጃውና ወርቀ ዘቦው ይሣላል። የአበባውን ንድፍ በቅርብ ተከታተሉት። ብዙ ጊዜ ንድፉ ከእጥፋቱ ጋር አይታጠፍም፤ ጨርቁ በገበያ እንደተዘረጋ ሆኖ ሙሉ አበባው ይታያል። ይህን እንደ አሣሣል ድክመት የሚያዩ አሉ። እኔ እንደማምነው ግን ሠዓሊው ለንግሥቲቱ የሚገባውን ሠርቷል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ግምጃ በእጥፋት ተበልቶ እንዲቀር አልፈለገም። ልብሱ የሚናገረው የደረጃውን ልክ ስለሆነ በሙሉ መታየት አለበት።

ከዚያ ስግደቱ። በጎንደር ቤተ መንግሥት ሹማምንት በንጉሥ ፊት መሬት ይስሙ ነበር። ሁሉ የሚሰግድላቸው እቴጌ እዚህ ራሳቸው ተደፍተዋል፤ በመካከል ግን ማንም የለም። ካህን አላማለደላቸውም፣ መኳንንት አልከበቧቸውም። ለእመቤታችን እግር የቀረበ ሌላ ሰው የለም፤ የሥልጣኑ ልክ ይህ ቅርበት ነው። ትሕትናውና ክብሩ በአንድ አቀማመጥ ስለተነገሩ አንዱን ከሌላው መነጠል አይቻልም፤ ሥዕሉን ታላቅ የሚያደርገውም ይህ ነው። ሌላም አለ፦ ከላይ ልጇን የታቀፈች ንግሥት፣ ከታች ሕፃን ንጉሥ ያሳደገች ንግሥት። በልጃቸው ስም መግዛታቸውን ለሚጠይቅ ሁሉ ከዚህ የተሻለ መልስ በሥዕል ሊሰጥ የሚችል አይመስለኝም።

በእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ላይ የሚጻፈው ግእዝ ብዙ ጊዜ «ተማኅፀነ» በሚለው ግስ ይሄዳል፤ ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ እንደ ተማፀኑ ይናገራል። ነገሥታት በጽሑፍ የሚጠሩበትን «ንጉሥነ» ወይም «ንግሥትነ» የሚለውንም ፈልጉ። ፊደሉን በደብተራችሁ እንዳለ ገልብጡ፤ የጠፋውን ፊደል በግምት አትሙሉ፣ ባዶ ቦታ ተዉለት።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከግርጌ ስለሚሣል ቶሎ የሚጎዳውም እሱ ነው። በጭቃ ግድግዳ እርጥበት ከመሠረቱ ወደ ላይ ይስባል፤ ሙጫው ይላላል፣ ጨርቁ ከታች ጀምሮ ይነሣል። የምእመናን እጅ፣ ግንባርና ከንፈር የሚደርሰውም እዚያው ነው። የጧፍ ጭስና ጠብታ አለ፤ መጋረጃው ሲወዛወዝ የሚፍቀውም ታችኛውን ክፍል ነው። ከላይ ያሉት መላእክት አምረው ከታች ያለው ንጉሥ ደብዝዞ ብታገኙት ምክንያቱ ይህ ነው። ጽሑፉም አብሮ ስለሚሄድ በብዙ ቦታ ማን እንደተደፋ አይታወቅም።

መብራታችሁን ፊት ለፊት አታብሩ። ከጎን፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት በቀረው ማዕዘን ስታበሩ የተነሣው ጨርቅ ጥላ ይጥላል፣ የተፋቀው ፊደል ጭረትም ይታያል። የካሜራ ፍላሽ ክልክል ነው። ሰማያዊው ኢንዲጎ በብርሃን ይነጣል፣ የሜርኩሪው ቀይ ይጠቁራል፤ ስለዚህ መብራቱን ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ አብርቶ ማጥፋት ነው።

ሐሙስ ከቀትር በፊት፣ ደጋ እስጢፋኖስ

ደጋ ከደቅ አጠገብ ያለ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ደሴት ነው፤ ሴቶች አይወጡም። ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ከ7 ሰዓት በፊት ከደሴቱ መነሣት ስላለበት ጊዜው አጭር ነው። በገዳሙ የነገሥታት አፅም ይገኛል፤ ዘርዐ ያዕቆብና ፋሲለደስ እዚህ ናቸው። ወደዚያ ስትገቡ ጎብኚነታችሁን ትታችሁ እንደ ለቅሶ ደራሽ ዝም በሉ።

ለሥዕሉ ጉዳይ ግን ደጋ የሚታወቀው በሠዓሊው በፍሬ ጽዮን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ሲነግሡ የእመቤታችንን ፍቅር በአገሩ ያስፋፉ ንጉሥ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሣለው የደጋው የእመቤታችን ሥዕል ጽሑፍ አለው፤ በንጉሡ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በደጋው አበምኔት በይስሐቅ ጊዜ መሣሉን ይናገራል፣ የሠዓሊውንም ስም ይጠራል። ንጉሡ በሥዕሉ ውስጥ ተደፍተው አይታዩም፤ ያሉት በስማቸው ነው።

ከናርጋ ተነሥቶ ደጋ የሚደርስ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ 300 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በአንደኛው ደሴት ሥልጣን ገላና ግምጃ አለው፤ በሌላው የዘመን መጠሪያ ነው። ለመነኮሳቱ ንጉሡን የዘመን ስም ማድረግ ትንሽ ክብር አይደለም፤ ጊዜው ራሱ የሚቆጠረው በእሳቸው ነው። አበምኔቱ በዚያው ጽሑፍ ከንጉሡ ጎን መጠራቱ ግን የገዳሙን አቋም ያሳያል፦ ንጉሡ ዘመኑን ይይዛል፣ ቦታውን የሚይዘው አበምኔቱ ነው።

ዓርብ፣ ባሕር ዳር

የተጻፈውን ማስተካከል በማግስቱ ካልተሠራ ከገጽ ገጽ ይምታታል። ለእያንዳንዱ ሥዕል እነዚህን ጻፉ፦ የትኛው ፊት ግድግዳ እንደሆነ፣ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ዓይኑን፣ ለማን እንደሚሰግድና በመካከል ማን እንዳለ፣ የልብሱን ንድፍና እጥፋት፣ ጽሑፉን ፊደል በፊደል፣ ከዚያ ጉዳቱን። ጉዳት ስትጽፉ ዓይነቱን ለዩ። ጨርቁ ከግድግዳ ከተነሣ አንድ ነገር ነው፣ ቀለሙ ከጨርቁ ከረገፈ ሌላ። ምስጥ የበላው ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የፈሰሰ ውኃ ከላይ ወደ ታች ቡናማ መስመር ይተዋል፤ ከመሠረት የመጣ እርጥበት ግን ከታች ነጭ ጨው ያወጣል።

በቅን ልብ ሥዕል የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ በእርጥብ ጨርቅ ጭሱን ሊያነሣ ይሞክራል፤ ቀለሙን የያዘው ሙጫ በውኃ ስለሚሟሟ ፊቱ ከጨርቁ ጋር ይነሣል። ሌላው በገበያ የዘይት ቀለም ያድሰዋል፤ የዘይቱ ቀለም ሲደርቅ ይጠነክርና ሥሩ ያለውን ስስ ቀለም ይዞ ይላጣል። የተነሣውን ጨርቅ በወረቀት ሙጫ መለጠፍም እንዲሁ ነው። የሚረዳው ከሥዕሉ በፊት ጣሪያውንና የውኃ መውረጃውን መጠገን፣ መጋረጃውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቆ መስቀል፣ ጧፉን ማራቅ ነው። ለእነዚህ የሥዕል ባለሙያ አያስፈልግም፤ የደብሩ ሰዎች ሊሠሯቸው ይችላሉ።

ያነሣችሁት ፎቶ አንድ ቅጂ ታትሞ፣ ቀኑ ከጀርባው ተጽፎ ለቄሰ ገበዙ ይድረስ። በሚቀጥለው ክረምት ማግስት ጨርቁ ምን ያህል እንደተነሣ የሚለካው ከዚያ ፎቶ ጋር ተነጻጽሮ ነው።